«ኔትወርክ የለም» ሲባል ሞተሩን ማን ያስነሳዋል?

«ኔትወርክ የለም» የምትለው አጭር ዓረፍተ ነገር በኢትዮጵያ ለብዙ ጥያቄ መልስ ሆናለች። ባንክ ቤት ተሰልፎ የዋለ ገበሬ ይሰማታል። በቴሌብር ሊከፍል የሞከረ ተሳፋሪ ይሰማታል። የሰሊጥ ዋጋ ጎንደር ላይ ስንት እንደዋለ ሊጠይቅ ስልኩን ያነሳ ነጋዴም ይሰማታል።

ከጎንደር ወደ ሁመራ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ሳንጃ፣ የታች አርማጭሆ ዋና ከተማ፣ ይህችን ዓረፍተ ነገር ጠንቅቃ ታውቃታለች። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ቆይቷል። ከሳንጃ እስከ መተማ ያለው ቆላ ሰሊጡን፣ ጥጡንና ማሽላውን ይዞ ከቀሪው ዓለም ጋር በመኪናና በሰው አፍ ብቻ የሚገናኝበት ሰሞን አዲስ ነገር አይደለም።

አንድ ነገር ግን ልብ ይባል። ኔትወርክ በጠፋበት ሰሞንም ቢሆን ወፍጮ ቤት መብራት ወይም ናፍጣ እስካለው ድረስ ይፈጫል። ባለወፍጮው አረንጓዴውን ቁልፍ ይጫናል፤ ሞተሩ ይነሳል፤ ቺንጋው ይዞራል፤ ማሽላው ይፈጫል። በሰውየውና በሞተሩ መካከል ማንም የለም።

በሀገሪቱ እየተተከሉ ባሉት ትልልቅ ፋብሪካዎች ውስጥ ግን በሰውየውና በሞተሩ መካከል ኮምፒዩተር አለ፤ ገመድ አለ፤ አንዳንዴም ባሕር ማዶ ያለ ባለሙያ አለ። ያ ገመድ የተበጠሰ ቀን ሞተሩን ማን ያስነሳዋል? ጥያቄው የቴክኒክ ይመስላል። ታሪኩ ሲታይ ግን የትምህርት፣ የውል እና የሀገር አቅም ጥያቄ ነው።

▪️ ሁለቱ ኔትወርኮች

በቅድሚያ አንድ መደበላለቅ ይጥራ። ሰው ሁሉ «ኔትወርክ» የሚለው የቴሌውን ነው። ፋብሪካ ውስጥ ግን ሌላ ኔትወርክ አለ። ይህኛው ከቴሌ ጋር ምንም ግንኙነት ላይኖረው ይችላል። በግድግዳውና በወለሉ ውስጥ የሚሄድ የመረጃ ገመድ ነው፤ የመቆጣጠሪያ ክፍሉን ኮምፒዩተር በየቦታው ከቆሙት ሞተሮች ጋር ያገናኛል። «ተነስ»፣ «ቁም»፣ «ፍጥነትህን ወደ ሰማንያ በመቶ አውርድ» የሚለው ትእዛዝ የሚሄደው በዚህ ገመድ ነው። «ሞቄያለሁ»፣ «ተጨናንቄያለሁ» የሚለው የሞተሩ መልስ የሚመለሰውም በዚሁ ነው።

የኤሌክትሪክ ኃይል ሥርዓቱም እንዲሁ ነው። ከጎንደር በመተማ በኩል ወደ ሱዳኗ ገዳሪፍ የሚሻገረውን 230 ኪሎ ቮልት መስመር ያየ ሰው ምሰሶና ሽቦ ብቻ ያያል። በዘመናዊ የከፍተኛ ኃይል መስመር ላይ ግን ከሁሉም በላይ የሚዘረጋው የመብረቅ መከላከያ ሽቦ በሆዱ ኦፕቲካል ፋይበር ይይዛል። ኃይሉና ወሬው በአንድ ምሰሶ ላይ ይጓዛሉ። ምሰሶው ሲወድቅ ሁለቱም ይወድቃሉ።

ስለዚህ ኢንተርኔት ሲዘጋ ፋብሪካ ይቆማል ማለት አይደለም። የፋብሪካ ገመድ ሲበጠስም ኢንተርኔት ይጠፋል ማለት አይደለም። ችግሩ የሚከፋው ሁለቱ በአንድ ቀን ሲጠፉ ነው። ኢትዮጵያ ደግሞ ይህ ሊሆን ከሚችልባቸው ሀገሮች አንዷ ናት።

▪️ ጢስ ዓባይ፣ ጨርቃ ጨርቅ እና ትምህርት ቤት

በዛሬው የአማራ ክልል የዘመናዊ ፋብሪካ ሞተር ታሪክ ሲነሳ ባሕር ዳርን ማለፍ አይቻልም። ጣሊያን ለወረራው በከፈለችው የጦር ካሣ ሁለት ትልልቅ ሥራዎች ተሠርተዋል። አንዱ እ.ኤ.አ. በ1960 ሥራ የጀመረው የቆቃ ግድብ ነው። ሌላው እ.ኤ.አ. በ1961 የተቋቋመው የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 በሶቪየት ኅብረት ትብብር የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ተከፈተ። በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1964፣ የመጀመሪያው የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ በሦስት ተርባይኖች 11.4 ሜጋ ዋት ማመንጨት ጀመረ።

ይህን ቅደም ተከተል ደግሞ ማየት ያስፈልጋል። በሦስትና አራት ዓመት ውስጥ፣ በአንድ አካባቢ፣ ሞተሩ መጣ፤ ሞተሩን የሚያዞረው ኃይል መጣ፤ ሞተሩን የሚያውቅ ሰው የሚወጣበት ትምህርት ቤት መጣ። ሦስቱ ከተለያየ ምንጭ የመጡ ናቸው፤ የተገናኙት ግን አንድ ከተማ ላይ ነው። የጣሊያን ካሣ፣ የሶቪየት መምህር፣ የዓባይ ውሃ።

የዚያ ዘመን የፋብሪካ ሞተር አሠራር ቀላል ነው። በሞተሩ አጠገብ ሳጥን አለ፤ በሳጥኑ ላይ አረንጓዴና ቀይ ቁልፍ አለ። አረንጓዴው ሲጫን ኮንታክተር የሚባለው ማግኔት «ጧ» ብሎ ይገጥምና ሞተሩ ይነሳል። ትልቅ ሞተር ከሆነ ድንገት ብዙ ኃይል እንዳይስብ በሁለት እርከን፣ በስታር እና በዴልታ፣ ይነሳል። ከመጠን በላይ ከጎተተ ተርማል የሚባለው መከላከያ ሞቆ ያጠፋዋል። ሰውየው ሞተሩን በጆሮው ያውቀዋል። ኩሽኔታው ሲያረጅ ድምፁ ይለወጣል፤ መጠቅለያው ሲቃጠል ይሸታል።

በዚያ ዘመን «ማንዋል» የሚባል ልዩ አሠራር አልነበረም። ሁሉም ማንዋል ነበረ።

▪️ ኮምፒዩተሩ በመካከል ሲገባ

በባሕር ማዶ ነገሩ የተለወጠው በተመሳሳይ አስርት ዓመት መጨረሻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 የጄኔራል ሞተርስ የማርሽ ፋብሪካ አንድ ጥያቄ አወጣ። የመኪና ሞዴል በተለወጠ ቁጥር በሪሌ የተሞሉ ግዙፍ ሳጥኖች ሽቦ እየተፈታ እንደገና ይታሰር ነበር። ይህን የሚተካ በጽሑፍ ብቻ የሚለወጥ መሣሪያ ተፈለገ። በዲክ ሞርሊ የሚመራው ቡድን ሞዲኮን 084 የተባለውን ሠራ። ፒ.ኤል.ሲ. የሚባለው የፋብሪካ ኮምፒዩተር ከዚያ ወዲህ ተስፋፋ። በዚያው በ1968 የዴንማርኩ ዳንፎስ የሞተርን ፍጥነት እንደልብ የሚለዋውጠውን መሣሪያ በብዛት ማምረት ጀመረ። ይህ መሣሪያ በዛሬ አነጋገር ድራይቭ ወይም ኢንቨርተር ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1979 ደግሞ ሞድባስ የሚባለው መሣሪያዎች የሚነጋገሩበት ቋንቋ መጣ። ኮምፒዩተሩ፣ ድራይቩና ቋንቋው ሲጋጠሙ ዛሬ የሚታየው ፋብሪካ ተወለደ።

ይህ ለውጥ ለጌጥ የመጣ አይደለም። ድራይቭ ከመብራት የሚመጣውን 50 ኸርዝ ተቀብሎ ሞተሩ በሚፈልገው ልክ አድርጎ ይሰጠዋል። የውሃ መግፊያ ፓምፕ ወይም ትልቅ ማራገቢያ ፍጥነቱ ወደ ሰማንያ በመቶ ሲወርድ የሚፈልገው ጉልበት በስሌት ወደ ግማሽ ገደማ ይወርዳል። መብራት ውድ በሆነበት ወይም በማይበቃበት ሀገር ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሞተሩም በዝግታ ስለሚነሳ ቺንጋ አይበጥስም፤ ቧንቧ አያፈነዳም።

ኢትዮጵያም ይህን ዕቃ ገዛች። በ2002 ዓ.ም. የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ በ460 ሜጋ ዋት ተመረቀ፤ ከመጀመሪያው ጢስ ዓባይ አርባ እጥፍ መሆኑ ነው። የሐዋሳና የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርኮች ተከተሉ። በመስከረም 2017 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ የለሚ ናሽናል ሲሚንቶ ፋብሪካ ተመረቀ፤ አቅሙ በቀን 15 ሺህ ቶን ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ ታላቁ የሕዳሴ ግድብ በ5,150 ሜጋ ዋት ተመረቀ። እንዲህ ባለ ሥፍራ ሠራተኛው በየሞተሩ እየሄደ ቁልፍ አይጫንም። በአንድ ክፍል ተቀምጦ በስክሪን ያዛል።

ሞተሩ መጥቷል፤ ኃይሉም መጥቷል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ እ.ኤ.አ.፣ ባሕር ዳር ላይ ከሁለቱ ጋር አብሮ የመጣው ሦስተኛው ነገርስ?

▪️ ገመዱ ሲቋረጥ ድራይቩ ምን ያደርጋል?

አብዛኛው ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ድራይቭ ከኮምፒዩተሩ ጋር ሲቆራረጥ የሚያደርገው ነገር አስቀድሞ ተወስኗል። በድራይቩ ሜኑ ውስጥ አንድ ቦታ ላይ አንድ ቁጥር ተሞልቷል። ቁጥሩ «ትእዛዝ ካልደረሰህ ይህን ያህል ሰከንድ ጠብቅ፤ ከዚያ እንዲህ አድርግ» ይላል።

ምርጫው ብዙ አይደለም። ወዲያው ይቁም፤ ወይም ቀስ ብሎ ይቁም፤ ወይም በመጨረሻ በታዘዘው ፍጥነት ይቀጥል፤ ወይም በተወሰነ ፍጥነት ይሂድ። አራቱም ለአንዳንዱ ሥራ ትክክል ናቸው፤ ለአንዳንዱ ደግሞ ጥፋት ናቸው። ሰው የሚነካው ማሽን መቆም አለበት። የጭስ ወይም የሙቀት ማውጫ ማራገቢያ ግን ከቆመ ሰው ሊታፈን ይችላል። ወደ ማጠራቀሚያ ውሃ የሚገፋ ፓምፕ ከቆመ ከተማው ይጠማል፤ ካልቆመ ደግሞ ማጠራቀሚያው ሞልቶ ይፈሳል፤ ጉድጓዱ ከደረቀም ሞተሩ ይቃጠላል።

ይህን ቁጥር የሚሞላው ማን ነው? ብዙ ጊዜ ዕቃውን የተከለው ኩባንያ መሐንዲስ ነው፤ ፋብሪካው ሥራ ሊጀምር በሚጣደፍበት ሳምንት። ያኔ በአጠገቡ ሆኖ «ሲቋረጥስ?» ብሎ የሚጠይቅ የሀገሩ ሰው ከሌለ ምርጫው የዕቃው ነባር ምርጫ ሆኖ ይቀራል። የማን ምርጫ እንደነበረ የሚታወቀው ከዓመታት በኋላ፣ በተቋረጠ ቀን ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ በእጅ ነው። በድራይቩ ወይም በሳጥኑ ላይ «ሎካል» እና «ሪሞት»፣ ወይም «ማንዋል»፣ «ዜሮ» እና «አውቶ» የሚል መምረጫ አለ። ወደ ማንዋል ሲዞር ድራይቩ ኮምፒዩተሩን መስማት ይተውና በፊቱ ያሉትን ቁልፎች ብቻ ይሰማል። ሰውየው ፍጥነቱን በጣቱ ይሰጣል፤ «ተነስ» ይላል፤ ሞተሩ ይነሳል። በተለይ ለሞተር ሥራ አዲስ የሆነ ሰው ነገሩ በዚሁ ያለቀ ይመስለዋል። አደጋው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

▪️ በእጅ ማስነሳት ቁልፍ መጫን ብቻ አይደለም

የሰሊጥ ማበጠሪያን እንውሰድ። ሰሊጡ በአሳንሰር ይወጣል፤ በወንፊት ያልፋል፤ በክብደት ይለያል፤ በመጨረሻ ጆንያ ውስጥ ይገባል። በአውቶማቲክ ሲሠራ የመጨረሻው ሞተር ከቆመ ኮምፒዩተሩ ከኋላው ያሉትን ሁሉ ያቆማል። በማንዋል ግን አንዱ ሞተር ስለሌላው አያውቅም። የፊተኛው ቆሞ የኋለኛው ቢቀጥል ሰሊጡ ይደፈናል፤ አሳንሰሩ ይታነቃል፤ ቺንጋው ይቃጠላል። ስለዚህ የድሮ ሠራተኞች ሕግ ይመለሳል፦ ስታስነሳ ከመጨረሻው ጀምር፤ ስታቆም ከመጀመሪያው ጀምር። ይህን ሕግ በአውቶማቲኩ ዘመን ኮምፒዩተሩ ስለሚያስታውስ ሰው ይረሳዋል።

የውሃ ጉድጓድን ደግሞ እንውሰድ። ጉድጓድ ውስጥ የሚሰጥም ፓምፕ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው አጠገቡ የሚያልፈው ውሃ ነው። ውሃው ካለቀ በጥቂት ጊዜ ይቃጠላል። በደኅናው ጊዜ የጉድጓዱንም የማጠራቀሚያውንም የውሃ መጠን ሴንሰር ለኮምፒዩተሩ ይነግራል። ገመዱ ሲጠፋ ይህ ወሬ ይጠፋል። የሚያውቅ ኦፕሬተር ያኔ ዓይኑን ከአምፔር መለኪያው ላይ አይነቅልም። ፓምፑ የሚገፋው ውሃ ሲያጣ የሚስበው አምፔር ይወርዳል፤ መርፌው ከወትሮው ሲወርድ ያጠፋዋል። የግፊት መለኪያውን ያያል። ማጠራቀሚያው ባዶ ከሆነ ለመሙላት ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ከመዝገቡ ያውቃል። ማጠራቀሚያው ጋ ሰው ያስቀምጣል። ስልክም ከሌለ ያ ሰው በፉጨት ወይም በጨርቅ ምልክት ይሰጣል፤ ሩቅ ከሆነ በሞተር ሳይክል ይላካል። ይህ ቀልድ አይደለም። ሁለቱም ኔትወርኮች በጠፉበት ቀን ከተማን ውሃ የሚያጠጣው ይህ ነው።

ሦስተኛው ምሳሌ ሲሚንቶ ነው። የሲሚንቶ ምድጃ ተጋድሞ የሚዞር ግዙፍ የብረት በርሜል ነው፤ በውስጡ ያለው ድንጋይ ወደ 1,450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይግላል። እንዲህ ግሎ ሳለ ቀጥ ብሎ ከቆመ በራሱ ክብደት ይጎብጣል። የጎበጠ ምድጃ የወራት ጥገና ነው። ስለዚህ ምድጃ የሚሠሩ ሰዎች ከዋናው ሞተር ጎን ትንሽ ሞተር ያስቀምጣሉ፤ ብዙ ጊዜ በናፍጣ የሚሠራ። መብራትም ኔትወርክም ሲጠፋ ሰው ሮጦ ያስነሳውና ምድጃውን ጥቂት በጥቂት እያዞረ ያቀዘቅዘዋል። በዘመኑ እጅግ የረቀቀ ፋብሪካ ውስጥ እንኳን የመጨረሻው መዳኛ ናፍጣ ሞተርና የሚሮጥ ሰው ነው።

በሦስቱም ላይ የማይጣስ ነገር አለ። ማንዋል ማለት መከላከያን ሁሉ መንቀል ማለት አይደለም። ተርማሉ ይቀራል። ቀዩ የአደጋ ማቆሚያ በኔትወርክ ሳይሆን በራሱ ሽቦ ስለሚሠራ ይቀራል፤ በራሱ ሽቦ ካልተሠራም ተከላው ስህተት ነው። ማሽን ውስጥ ገብቶ የሚጠግን ሰው ካለ ማብሪያው በቁልፍ ይቆለፋል፤ ቁልፉም በራሱ በጠጋኙ ኪስ ይሆናል። በችግር ቀን «ለጊዜው ነው» ተብሎ በሽቦ የታለፈ መከላከያ ችግሩ ካለፈ በኋላም እንደታለፈ ይቀራል፤ እጅ የሚቆርጠውም ከወራት በኋላ ነው። ስለዚህ ማን እንዳዘዘ፣ ማን እንዳስነሳ፣ ምን እንደተነካ በደብተር ይጻፋል። ኮምፒዩተሩ ሲመለስ ያ ደብተር ነው የሚነበበው።

▪️ ዩክሬንና ኖርዌይ ምን አሳዩ?

እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 23 ቀን 2015 በምዕራብ ዩክሬን የሚገኝ የመብራት መቆጣጠሪያ ክፍል ሠራተኞች የኮምፒዩተራቸው ቀስት በራሱ ሲንቀሳቀስ አዩ። ሰርጎ ገቦች ከሩቅ ሆነው ብሬከሮችን አንድ በአንድ ይከፍቱ ነበር። ሦስት የማከፋፈያ ኩባንያዎች ተመቱ፤ ወደ 225 ሺህ ደንበኞች በክረምት ብርድ ጨለማ ውስጥ ቀሩ። አጥቂዎቹ በዚህ አላበቁም። የመቆጣጠሪያ ትእዛዝ የሚያስተላልፉትን መሣሪያዎች ውስጣዊ ፕሮግራም አበላሹ፤ ከዚያ በኋላ ከማዕከል ሆኖ ብሬከር መዝጋት የማይቻል ሆነ።

መብራቱ ግን በስድስት ሰዓት ውስጥ ተመለሰ። ሠራተኞች መኪና አስነስተው ወደየማከፋፈያ ጣቢያው ሄዱ፤ ብሬከሮቹንም በእጃቸው ዘጉ። ጣቢያዎቹ በማንዋል የሚሠሩበት መንገድ ስላልተነቀለ፣ በማንዋል የሚያውቁ ሰዎችም ስለነበሩ ነው። ኩባንያዎቹ ከዚያ በኋላም ለወራት በከፊል በእጅ ሠርተዋል። ያረጀ የሚባለው ሥርዓት ሀገሪቱን አዳናት።

እ.ኤ.አ. መጋቢት 19 ቀን 2019 ደግሞ የኖርዌዩ የአሉሚኒየም ኩባንያ ኖርስክ ሃይድሮ ተመታ። በ40 ሀገሮች 35 ሺህ ያህል ሠራተኞች ያሉት ድርጅት ኮምፒዩተሮቹ በቤዛ ጠያቂ ቫይረስ ተቆለፉ። ኩባንያው ቤዛ አልከፍልም አለ። ማቅለጫዎቹ በማንዋል ቀጠሉ። ሌሎቹ ፋብሪካዎች ደግሞ ትእዛዛቸውን ከወረቀት እያነበቡ ሠሩ፤ የድሮውን አሠራር የሚያውቁ ጡረተኞችም እየመጡ ረዱ። ኪሳራው በአስር ሚሊዮኖች ዶላር የሚቆጠር ነበር፤ ኩባንያው ግን አልወደቀም።

ሁለቱ ታሪኮች አንድ ነገር ያመሳስላቸዋል። በችግሩ ቀን ማንም ማንዋል አሠራር አልፈለሰፈም። አስቀድሞ ነበረ። ወይ በሳጥኑ ላይ ነበረ፣ ወይ በወረቀት ላይ ነበረ፣ ወይ በጡረተኛ ጭንቅላት ውስጥ ነበረ። የኖርዌዩ ታሪክ ደግሞ አስጊ ነገርም ይዟል፤ ጡረተኛ ዘላለም አይኖርም።

▪️ የኢትዮጵያ ሁኔታ

ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ የሳይበር ጥቃት አንድ ምክንያት ብቻ ነው። የመረጃ መረብ ደኅንነት ተቋሙ ኢንሳ በሰኔ 2012 ዓ.ም. ከግብጽ የተነሱ የሳይበር ጥቃቶችን ማክሸፉን ማስታወቁ ይታወሳል። እዚህ ሀገር ግን ኔትወርክ የሚጠፋው በጠላት እጅ ብቻ አይደለም። ሰኔ 15 ቀን 2011 ዓ.ም. በባሕር ዳርና በአዲስ አበባ ግድያ ሲፈጸም ኢንተርኔት ተዘጋ። ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ሃጫሉ ሁንዴሳ ሲገደል ለሦስት ሳምንት ያህል ተዘጋ። ጥቅምት 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ጦርነት ሲጀመር የትግራይ ስልክና ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ መቀሌ ከዋናው የመብራት መስመር ጋር እንደገና የተገናኘችው በኅዳር 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። በዚያው ዓመት ክረምት ተራው የአማራ ክልል ሆነ።

የቴሌ ኔትወርክ ከፋብሪካ ኔትወርክ የተለየ ነው ተብሏል። አሁን ግን የሚገናኙበት በር አለ፤ እርሱም የርቀት ጥገና ነው። ዘመናዊ ማሽን ሲበላሽ አምራቹ ባሕር ማዶ ሆኖ በኢንተርኔት ገብቶ ያየዋል፤ ቁጥር ይለውጣል፤ ያስተካክላል። ርካሽ ነው፤ ፈጣን ነው። ይህ የለመደ ፋብሪካ ኢንተርኔት ሲዘጋ ሐኪሙን ያጣል። ጦርነት ሲመጣ ደግሞ በአካል ያሉት የውጭ ባለሙያዎችም ሻንጣቸውን ይዘው ይሄዳሉ። የሚቀረው የሀገሩ ሰው ነው፤ እርሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ የይለፍ ቃሉ እንኳን የለውም።

እዚህ ላይ የሚነሳ ተቃውሞ አለ። «እኛ ገና አውቶማቲኩን ሳንለምድ ስለ ማንዋል ማውራት ወደኋላ መመለስ አይደለም ወይ?» ይባላል። ተቃውሞው ቀላል አይደለም። በእጅ የሚሠራ ፋብሪካ ብዙ ሰው ያቆስላል፤ ብዙ ኃይል ያባክናል፤ ጥራቱ ይለዋወጣል። አውቶማቲክን ትቶ ወደ ቁልፍ ይመለስ የሚል የለም። ዩክሬንም ኖርዌይም ኮምፒዩተራቸውን መልሰው ተክለዋል። ጥያቄው ኮምፒዩተሩ በሌለበት ሳምንት ምን ይሁን የሚል ብቻ ነው። መለዋወጫ ጎማ የያዘ ሹፌር በአራት ጎማ መሄድ አያምንም አይባልም።

ሌላው ተቃውሞ ወጪ ነው። ይህ ግን ብዙም አያስኬድም። የማንዋል መምረጫ ማብሪያ ከድራይቩ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። በአማርኛ የተጻፈ፣ በላስቲክ የተሸፈነ፣ በሳጥኑ በር ውስጠኛ ገጽ ላይ የተለጠፈ አንድ ገጽ የማስነሻ ቅደም ተከተል ወጪው ወረቀት ነው። በዓመት ሁለት ቀን ኔትወርኩን ሆን ብሎ ነቅሎ በእጅ መሥራት የሁለት ቀን ምርት ይቀንስ ይሆናል፤ ምድጃ ከሚጎብጥ ይሻላል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ተረት የተነገረው ለዚህ ነው።

ከባዱ ነገር ሌላ ነው፤ ውል ነው። ማሽን ሲገዛ በውሉ ላይ ካልተጻፈ በኋላ አይገኝም። የይለፍ ቃሉ የማን ነው? የድራይቮቹ ቁጥሮች ሁሉ ቅጂ ለገዢው ይሰጣል ወይ? ገመዱ ሲቋረጥ እያንዳንዱ ሞተር ምን እንዲያደርግ ተወስኗል፣ ማንስ ፈርሞበታል? ርክክቡ ላይ ኔትወርኩ ተነቅሎ ፋብሪካው በእጅ ሲሠራ ታይቷል ወይ? እነዚህን አራት ጥያቄዎች የሚጠይቅ ገዢ ከሻጩ ጋር አይጣላም። ሻጩ በሀገሩ የለመደው ጥያቄ ነው።

እንግዲህ ወደ ባሕር ዳሩ ታሪክ መመለስ ይገባል። ያ ፖሊቴክኒክ ዛሬ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ አካል ነው። ጎንደርም ዩኒቨርሲቲ አለው፤ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች በየዞኑ ተከፍተዋል። ትምህርት ቤት አልጠፋም። የጎደለው በትምህርት ቤቱና በሞተሩ መካከል የነበረው ቅርበት ነው። ዛሬ ተማሪው ፒ.ኤል.ሲ. በኮምፒዩተር ላይ ይማራል፤ ይህ ጥሩ ነው። ገመዱ ተነቅሎ «በል አሁን አስነሳው» የተባለበት ፈተና ግን ስንት ጊዜ ተሰጥቶታል? በአምፔር መለኪያ ብቻ ፓምፕ የመጠበቅ፣ ከመጨረሻው ጀምሮ የማስነሳት፣ ቁልፍን ኪስ ከትቶ የመጠገን ልማድ በስክሪን አይገኝም። ከሠሩት ሰዎች ነው የሚገኘው። በየፋብሪካው ጡረታ የወጡ መካኒኮችና ኤሌክትሪሻኖች ዛሬም አሉ፤ የሚያውቁትን ለመጻፍ ግን የጠራቸው ጥቂት ነው።

ይህ ጉዳይ ከትልልቆቹ ፋብሪካዎች ይልቅ እንደ ሳንጃ ላሉ ከተሞች ይበልጥ ያሳስባል። ለሚ ላይ ችግር ቢፈጠር አዲስ አበባ ቅርብ ነው፤ መሐንዲስ በግማሽ ቀን ይደርሳል። በቆላው መንገዱ በተዘጋ ሳምንት ከጎንደር የሚመጣ ባለሙያ የለም። ከሙቀቱ የተነሣ ደግሞ ውሃ አንድ ቀን አይታገስም። ለእንዲህ ዓይነት ከተማ አዲስ የውሃ ፓምፕ ከነድራይቩ፣ ከነሴንሰሩ፣ ከነርቀት መቆጣጠሪያው ሲገዛ ደስ ይላል፤ ይገባልም። ያ ፓምፕ ሲመረቅ ሪባን የሚቆርጠው ባለሥልጣን አንድ ነገር ቢጠይቅ ይበቃል። «የመረጃ ገመዱን ንቀሉትና፣ የከተማው ኦፕሬተር ብቻውን ያስነሳው።» ውሃው ከወጣ ፕሮጀክቱ ተጠናቋል። ካልወጣ ገና አልተጠናቀቀም፤ ሪባኑ ይቆይ።